የኮምፒውተርን ጤና ስለመከታተል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን ዙሪያ የሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶችን ኮምፒውተሮች እጠግናለሁ። ደንበኛ ሲደውል ቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል ሁልጊዜ «ዘገየብን» ነው። ከመቼ ወዲህ? በየትኛው ሰዓት? ደህና በነበረ ጊዜ ፋይሉ በስንት ሰኮንድ ይከፈት ነበር? ብዬ ስጠይቅ ስልኩ ዝም ይላል። እዚህ የሰበሰብኋቸው ጥያቄዎች ያንን ዝምታ በቁጥር ለመሙላት ስንሞክር የመጡ ናቸው። የፕሮግራሞችንና የትእዛዞችን ስም በንባባቸው ጽፌያለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲተይቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ይሆናል።

ምንም ፕሮግራም ሳልጭን ኮምፒውተሬ ለምን እንደዘገየ ማወቅ እችላለሁ?

ብዙውን ጊዜ ይችላሉ። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ይህ መስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ጋር የመጣ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ያስቆጠረውን መሣሪያ ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው የደረቀ ፕሮግራም መግደያ አድርጎ ብቻ ነው። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑ አስሊ)፣ ሜሞሪ (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ቦታ)፣ ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥበት) እና ኔትወርክ የሚሉትን ዓምዶች ይመልከቱ። የዓምዱን ራስ ሲጫኑ ብዙ የሚበላው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ መስኮቱን የሚከፍቱት ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ ሳለ ነው፤ ካገገመ በኋላ መክፈት ዝናቡ ካባራ በኋላ ጣሪያው የት እንደሚያፈስ እንደ መፈለግ ነው። ሁለተኛ፣ ዓይንዎ መጀመሪያ ወደ ሲፒዩ አይሂድ። ይህን ያህል ዓመት ከከፈትኋቸው «የዘገዩ» ማሽኖች በአብዛኞቹ ላይ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ዲስኩ 100 ከመቶ ላይ ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ዲስኩን ሲመርጡ አማካይ የምላሽ ጊዜ በሚሊ ሰኮንድ ይታያል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰኮንድ ቢወስድ ልማዱ ነው። ለደቂቃዎች በመቶዎች ላይ ከቆየ ግን ችግርዎን አግኝተውታል።

ታስክ ማናጀር ይህን ሁሉ ካሳየ ሌላ መሣሪያ ለምን ያስፈልገኛል?

የታስክ ማናጀር ግራፍ የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን 60 ሰኮንዶች ብቻ ስለሆነ። ችግር ደግሞ ባለሙያ እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም።

ለዚህ ጥሩ ምስክሬ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። የሬጅስትራሯ ኮምፒውተር በየጠዋቱ እስከ 4 ሰዓት ድረስ አይነካም፤ የተማሪ ፋይል ለመክፈት ቡና ይጠጣበታል። እኔ ከሰዓት በኋላ ስደርስ እንደ ፈረስ ይሮጣል። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስት ጊዜ «ምንም የለውም» ብዬ ስመለስ ሬጅስትራሯ የምታየኝ ዓይን እየተለወጠ መጣ። በአራተኛው ለአንድ ሳምንት የሚቆይ መዝገብ ከፍቼ ሄድሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ግራፉ ጥርት ብሎ ተናገረ፦ ዲስኩ ማሽኑ ከተከፈተ ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ድረስ 100 ከመቶ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ 5 ከመቶ ይወርዳል።

ምክንያቱ የተገኘው በር ላይ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የቫይረስ ፍተሻውንና የመጠባበቂያ ቅጂውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲካሄዱ አድርጎ አዘጋጅቷቸዋል። የጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ የእሳት አደጋ ይመጣል ብሎ በየማታው ዋናውን ማብሪያ ያወርዳል። ዊንዶውስ ያመለጠውን የጊዜ ቀጠሮ ማሽኑ እንደተነሣ እንዲያካክስ ታዝዞ ስለነበር፣ ሁለቱ ከባድ ሥራዎች በአንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ጠዋት ጠዋት ይረባረቡ ነበር። ሥራዎቹን ወደ ምሳ ሰዓት፣ ያውም በተለያየ ቀን፣ አዛወርኋቸው። ትምህርት ቤቱ ሦስት አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ዋጋ ማሰባሰብ ጀምሮ ነበር።

እንዲህ ያለውን መዝገብ በዊንዶውስ ላይ እንዴት ልክፈት?

ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣ ፐርፎርማንስ ሞኒተር የሚባል መሣሪያ አለ። የዊንዶውስን ምልክት ከአር ጋር ተጭነው «ፐርፍሞን» ብለው ይተይቡ። በግራ በኩል ዳታ ኮሌክተር ሴትስ፣ ከሥሩ ዩዘር ዲፋይንድ የሚለውን ያገኛሉ። እዚያ ላይ በቀኝ አዝራር አዲስ ከፍተው ስም ይስጡትና በእጅ የሚዘጋጀውን አማራጭ፣ ከዚያም ፐርፎርማንስ ካውንተር የሚለውን ይምረጡ።

የሚቆጠሩ ነገሮች ዝርዝር በመቶዎች ነው፤ አይደናገጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ይበቃል፦ የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ የሥራ መቶኛ፣ የቀረው ሜሞሪ በሜጋባይት፣ የዲስኩ የንባብ ጊዜ፣ የዲስኩ የጽሕፈት ጊዜ እና በኔትወርክ ካርዱ የሚያልፈው ባይት። ማሽኑ ራሱ የሚያቀርበውን የ15 ሰኮንድ ልዩነት አይለውጡት። የፋይሉን መጠን ግን ይገድቡ፤ አለዚያ ረስተውት ሲመለሱ ዲስኩን የሞላው መከታተያዎ ሆኖ ያገኙታል።

መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የማይነግሩትን አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ይህ መዝገብ በራሱ አይቀጥልም። መብራት በቀን ሁለት ጊዜ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ማለት የሳምንት መዝገብ አለኝ ብለው የሁለት ሰዓት መዝገብ ያገኛሉ ማለት ነው። መፍትሔው ሥራዎችን በቀጠሮ በሚያስነሣው ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር «ሎግማን ስታርት» ብሎ የመዝገቡን ስም የሚጠራ ትእዛዝ ማስቀመጥ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ባዶ ፋይል ይዤ ከገላን ወደ ቤቴ ስመለስ ነው።

የትኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ልስጋ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ እንድሰጠው ይፈልጋል። የምሰጠው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ማሽኑ ጤነኛ በነበረበት ሳምንት ቁጥሩ ስንት ነበር?

የሕክምና ባለሙያ የደም ግፊትዎን ሲለካ ያለፈውን ካርድ አስቀርቦ ያያል። የኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ማሽኑ ሲገዛ ወይም ተጠግኖ ሲመለስ፣ ገና ማንም ሳያማርርበት፣ የአንድ ሳምንት መዝገብ ያስቀምጡ። ይህን የመነሻ ልክ እለዋለሁ። ሳምንቱ ግን የሥራ ሳምንት ይሁን። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር በሐምሌ የሚያሳየው ልክ ለመስከረም ምዝገባ አይሆንም፤ የሂሳብ ክፍል ማሽንም ደመወዝ በሚሠራበት ሳምንትና በወሩ አጋማሽ አንድ አይደለም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ሻካራ ምልክቶች ልጠቁም። ሲፒዩ ለሦስት ሰኮንድ 100 መድረሱ በሽታ አይደለም፤ ሥራ ነው። ለአሥር ደቂቃ እዚያው ከቀረ ግን የያዘውን ፕሮግራም ስም ይጻፉ። የቀረው ሜሞሪ ከጠቅላላው አሥር ከመቶ በታች ወርዶ ዲስኩም አብሮ ከተጨነቀ፣ ማሽኑ ሜሞሪ ሲያጥረው ዲስኩን እንደ ሜሞሪ እየተጠቀመበት ነው፤ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ሜሞሪ መሞላቱ ብቻውን ግን አያስደነግጥዎ። ዊንዶውስም፣ በሰርቨሮች ላይ የተለመደው ሊኑክስም ትርፍ ሜሞሪን ባዶ ከማስቀመጥ ይልቅ ቀድሞ የተነበበ ፋይል ያኖሩበታል፤ ፕሮግራም ሲጠይቅ ይለቁታል። በሊኑክስ ላይ «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡ ማየት ያለብዎት «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ የሆነው ለዚህ ነው። ትእዛዙ ራሱ በሚጠራበት ስም «ፍሪ» የሚባለው ዓምድ ትንሽ መሆኑ ስንቱን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሜሞሪ እንዳስገዛ እግዚአብሔር ይወቀው።

ሰርቨራችን ሊኑክስ ነው፤ በምን ልከታተለው?

«ቶፕ» የሚባለው ትእዛዝ ተጭኖ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዩኒክስ የተጻፈ ነው። «ኤችቶፕ» እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣ ታናሹ ሲሆን ቀለምና ቀላል አጠቃቀም አለው። የዲስክ ወረፋን «አዮስታት» ያሳያል።

በቶፕ አናት ላይ ሎድ አቨሬጅ የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ የ1፣ የ5 እና የ15 ደቂቃ አማካይ ናቸው። አራት ኮር (ለየብቻ የሚሠሩ አስሊ ክፍሎች) ያለው ፕሮሰሰር አራት መስኮት እንዳለው የባንክ ቅርንጫፍ ነው። ቁጥሩ 4 ሲሆን በእያንዳንዱ መስኮት አንድ ሰው እየተስተናገደ ነው፤ 9 ሲሆን አምስት ሰው ከኋላ ቆሟል። ሊኑክስ ግን ዲስክ የሚጠብቁትንም እዚሁ ላይ ይደምራል። ስለዚህ ሎዱ 9 ሆኖ ሲፒዩው ባዶ ከሆነ አይገረሙ፤ ሰዎቹ የቆሙት በመስኮቶቹ ፊት ሳይሆን በመዝገብ ቤቱ በር ላይ ነው።

ከሁሉ የምወደው «ሳር» የሚባለውን ነው። ሲስስታት በሚባለው ጥቅል ውስጥ ይመጣል፤ በየ10 ደቂቃው ልኬት እየወሰደ ያስቀምጣል። ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ምን ሆነ ብለው ዛሬ መጠየቅ ይችላሉ። በኡቡንቱ ላይ መጫኑ ብቻ መዝገቡን ላያስጀምረው ስለሚችል፣ ከጫኑ ማግስት መዝገቡ እየተጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሙቀትና አቧራንም መከታተል ያስፈልጋል?

በእኛ ሰፈር ከሁሉ በፊት።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ኮምፒውተር አይሞቅም የሚል እምነት አለ። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ስስ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። በዚህ ላይ አስፋልት ያልደረሰበትን መንገድ አቧራ ይጨምሩበት።

ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙዎቹ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ ይህን ያደርጋሉ። ተጠቃሚው የሚያየው «ዘገየ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ታስክ ማናጀርም ሙቀቱን አይነግረውም። ለዊንዶውስ ኤችደብሊው ሞኒተር ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ፣ ለሊኑክስ «ሴንሰርስ» የሚባለውን ይጫኑ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጎን ያለች የሂሳብ ቢሮ ጠርታኝ ነበር። ማሽኑ ሥራ ሳይዝ 88 ዲግሪ ላይ ነው፤ አንድ ሠንጠረዥ ስከፍትበት 97 ደርሶ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከግማሽ በታች ወረደ። ሽፋኑን ስፈታው የማቀዝቀዣው ክንፎች አይታዩም። ዱቄትና አቧራ ተጋግሮ፣ የማራገቢያው ንፋስ አደንድኖት፣ እንደ ብርድ ልብስ ተኝቶበታል። በጣቴ ሳነሣው ሳይፈርስ አንድ ላይ ተላቀቀ፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ «ይህማ ቂጣ ነው» አለች። ነፋሁት፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፤ ያው ሠንጠረዥ ተከፍቶ 63 ላይ ቆመ። በብሎወር ሲነፉ የማራገቢያውን ክንፍ በእርሳስ ወይም በጣት ያዝ ያድርጉት፤ ከልኩ በላይ ሲሽከረከር ይጎዳል።

ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ይናገራል?

ብዙ ጊዜ ያንሾካሽካል። ዲስኮች ስማርት የሚባል የራሳቸውን ጤና መመዝገቢያ ይዘው ይመጣሉ። በዊንዶውስ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ በሊኑክስ «ስማርት ሲቲኤል» ያነብበዋል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ እኔ የማያቸው ተራ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ናቸው። 5 ዲስኩ አበላሽቶ በመጠባበቂያ የተካቸውን ቦታዎች ይቆጥራል፤ 197 ለማንበብ ያስቸገሩትንና ውሳኔ የሚጠብቁትን፤ 198 ደግሞ ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉትን። ሦስቱም ዜሮ ሊሆኑ ይገባል። ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ባለበት ከቆመ አስታምሙት፤ በየሳምንቱ ከጨመረ ዛሬውኑ ፋይልዎን ያሽሹ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ቁጥሩን ሲከፈት የሚያሳየው ፊደል ከቁጥር ጋር በሚቀላቀልበት በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ተለመደው አሥር ቤት ይቀይሩት።

ተራ ቁጥር 9 ዲስኩ በርቶ የቆየበትን ሰዓት ይናገራል። አንድ ጊዜ «ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ» ተብሎ የተሸጠልኝን ዲስክ ቤቴ አምጥቼ ስሰካው 31,000 ሰዓት አለ፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሌሊትና ቀን የሠራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፔን ይዤ ሳልሄድ ዲስክ አልገዛም፤ ሻጩ ፊት ሰክቼ፣ አንብቤ፣ ከዚያ ነው ብር የምቆጥረው።

በስማርት ብቻ ግን አይተማመኑ። ጉግል ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከተበላሹት ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሙቀት ሌላ በየትኛውም የስማርት መለኪያ ምንም ምልክት አላሳዩም። መጠባበቂያ ቅጂን የሚተካ መከታተያ የለም።

ሃያ ያህል ኮምፒውተር አለን፤ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በሰፊው የሚታወቁት የመከታተያ ሶፍትዌሮች ናጊዮስ፣ ዛቢክስ እና ፕሮሜቴየስ ግራፍ ከሚያሳየው ግራፋና ጋር ናቸው፤ ሁሉም በነፃ የሚገኝ እትም አላቸው። ፕሮሜቴየስ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውንድ ክላውድ በሚባል የሙዚቃ ድርጅት ውስጥ የተጀመረ ነው፤ የራሳቸውን ሶፍትዌር ለሚጽፉ ድርጅቶች እጅግ ይመቻል። ለዊንዶውስ ለበዛበት፣ ፕሪንተርና ራውተር ለተቀላቀለበት ተራ ቢሮ ግን የእኔ ምርጫ ዛቢክስ ነው፤ ዝግጅቱ ሁሉ በገጹ ላይ በማውዝ ያልቃል፣ የተዘጋጁ ቅርጾችም አሉት። ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጭነው ሁለቱንም ሳይጨርሱ የተዉ ወዳጆች ስለሆኑ ብዙ አላስቸገሩኝም።

አንድ ማሽን ላይ የዛቢክስ ሰርቨር ከነዳታቤዙ ይጫናል፤ በሌሎቹ ላይ ኤጀንት የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ትቀመጣለች። ሰርቨሩ ኤጀንቷን በፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) 10050 ይጠይቃል፤ ወይም ኤጀንቷ ራሷ በ10051 ትልካለች። ቅርንጫፍዎ ሌላ ሰፈር ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚላክ መረጃ በራውተር ለማለፍ ብዙ አያስቸግርም። በፋየርዎሉ (በኔትወርኩ ዘበኛ) ላይ እነዚህን በሮች መክፈትን ሰዎች ይረሳሉና «አልሠራልኝም» ከማለትዎ በፊት እሱን ይዩ። ሰርቨሩ ሲጫን የሚመጣው የይለፍ ቃል ዓለም ሁሉ የሚያውቀው «ዛቢክስ» ነው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ይቀይሩት።

መከታተያው ራሱ ማሽኑን አያዘገይም?

በልኩ ከያዙት አይሰማም። በየሰኮንዱ ሁለት መቶ ነገር እንዲቆጥር ካዘዙት ይሰማል። ለቢሮ በየደቂቃው መለካት ከበቂ በላይ ነው።

መብራት ሲጠፋ መከታተያውስ ምን ይሆናል?

አብሮ ይጠፋል፤ ያኔም ሁሉ ነገር ሰላም ይመስላል። ማንቂያ አልመጣም ማለት ችግር የለም ማለት ነው ብሎ ማሰብ በእኛ አካባቢ የሚያስከፍል ስሕተት ነው።

የማደርገው እንዲህ ነው። የመከታተያውን ሰርቨር የምጭነው በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ባትሪው አርጅቶም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ከያዘ ይበቃኛል፤ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማዘዝ ብቻ ነው። ራውተሩን ከትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆይ መሣሪያ) ጋር አገናኛለሁ። ከዚያ ሌላ ቦታ ያለ አንድ ማሽን ላፕቶፑን በየአምስት ደቂቃው «አለህ?» ይለዋል፤ መልስ ካጣ እሱ ይነግረኛል። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ካለው ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የባትሪውን መጠን ያነብባል፤ ባትሪው ሲመናመንም ሰርቨሩን በሥርዓት ይዘጋዋል። ዴስክቶፖቹም መብራት ሲመለስ በራሳቸው እንዲነሡ በባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት በሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ማዘዝ ይቻላል።

ግራፉ ላይ የሚታየው ክፍተትም ራሱ መረጃ ነው። ዊንዶውስ በድንገት ጠፍቶ ሲነሣ ኢቨንት ቪወር በሚባለው የክስተት መዝገብ ውስጥ ክስተት 41 እና 6008 ብሎ ይመዘግባል። አንድ አለቃ ዩፒኤስ መግዛት ቅንጦት ነው ብለው ሲከራከሩኝ የሦስት ወሩን 41 ቆጥሬ፣ ከየቀኑና ከየሰዓቱ ጋር አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁት። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነበር። ዩፒኤሱ በሳምንቱ ተገዛ።

ግራፉ ላይ ያለው ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር ለምን አይገጥምም?

አንድ የሂሳብ ባለሙያ «8 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ቀጥ አለ» አለኝ። ግራፉን ከፍቼ 08:00 ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግሁ፤ ጸጥ ያለ ሜዳ። እሱ የነገረኝ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 14:00። ሰርቨሩ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ተተክሎ ስለነበር ግራፉ ላይ የተጻፈው 11:00 ነው። አደጋው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ 3 ሲቀንሱ የእኛ ይመጣል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከሆነ 6 ይቀንሱ። ከዚህ ሁሉ ግን የሰዓት ቀጠናውን ማስተካከል ይቀላል፤ በዊንዶውስ ናይሮቢ የሚለውን፣ በሊኑክስ አዲስ አበባን ይምረጡ። በተረፈ ማሽኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ አሮጌ ዓመት የሚመለስ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ሞታለች። ርካሽ ናት፤ እሷ ሳትቀየር ግን የትኛውም መዝገብ አይታመንም።

ማንቂያው በስልኬ እንዲመጣልኝ እፈልጋለሁ።

ዛቢክስም ግራፋናም በቴሌግራም መላክ ይችላሉ። ቴሌግራም ላይ ቦት ፋዘር ከሚባለው ቦት (በራሱ መልእክት ከሚመልስ ፕሮግራም) ጋር ተነጋግረው የራስዎን ቦት ይፍጠሩ፤ የሚሰጥዎትን ረጅም ቁልፍ በመከታተያው ውስጥ ያስገቡ፤ የድርጅቱን ቡድን መለያ ቁጥር ይጨምሩ። ቁልፉን እንደ ቤት ቁልፍ ይያዙት።

ከባዱ መላኩ አይደለም፤ አለመላኩ ነው። የመጀመሪያውን ያዘጋጀሁ ጊዜ ሲፒዩ 80 ከመቶ ባለፈ ቁጥር እንዲነግረኝ አዘዝሁት። በአንድ ሌሊት ከመቶ በላይ መልእክት ደረሰኝ፤ ንጋት ላይ ድምፁን አጠፋሁት። በሦስተኛው ቀን የእውነተኛው የዲስክ መሙላት መልእክት ከነዚያ መካከል ተቀብሮ ቀረ፤ የአንድ ድርጅት የሽያጭ ፕሮግራም ግማሽ ቀን ቆመ። አሁን የምጠቀምበት መመዘኛ ይህን መልእክት ሳይ ከአልጋዬ እነሣለሁ ወይ? የሚል ነው። የማልነሣ ከሆነ ግራፉ ላይ ይቀመጥ እንጂ ስልኬ ላይ አይምጣ። የቀሩልኝ አራት ናቸው፦ ባዶ የዲስክ ቦታ ከ10 ከመቶ ሲያንስ፣ ዋናው ፕሮግራም ሲቆም፣ የስማርት ቁጥር ሲለወጥ፣ ሙቀቱ ለአሥር ደቂቃ ከ90 ዲግሪ ሳይወርድ ሲቀር።

በዚሁ መሣሪያ ሠራተኛው ምን እየሠራ እንደሆነ ማየት ይቻላል?

ከድርጅት ባለቤቶች አዘውትሮ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚጠየቀው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚለኩት ማሽን ነው። የሰው ስክሪን የሚያዩ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ፤ እኔ አልጭናቸውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለና ወደዚያ ከመግባትዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ከዚህ ሁሉ አዲስ ኮምፒውተር ብገዛ አይሻልም?

አንዳንዴ ይሻላል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14፣ 2025 ስላበቃ ዊንዶውስ 11ን የማይሸከም ማሽን የያዘ ሰው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅበት የራሱ ምክንያት አለው። ፍጥነት ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይለኩ። መዝገብዎ ዲስኩ 100 ላይ ሲቆም ሲፒዩው 15 ላይ መሆኑን ካሳየ የሚያስፈልግዎ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ፣ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ የተበታተኑ ፋይሎችን በሰኮንድ መቶ ጊዜ ያህል ቢያነሣ ነው፤ ኤስኤስዲ በአሥር ሺዎች ያነሣል።

ያለኝ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ከየት ልጀምር?

ከእጅ ሰዓትዎ። ማብሪያውን ከተጫኑበት ቅጽበት ጀምሮ የሚሠሩበት ፕሮግራም እስኪከፈት ስንት ሰኮንድ እንደፈጀ ይቁጠሩ። ከዚያ የሥራ ፈት ሙቀቱን፣ የቀረውን ሜሞሪና ሦስቱን የስማርት ቁጥሮች ያንብቡ። እኔ የጠገንሁትን ማሽን ስመልስ እነዚህን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ፣ ቀኑን ጨምሬ፣ በኮምፒውተሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስተር እለጥፋቸዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ሽፋኑን የሚፈታው ሌላ ባለሙያ ቢሆን እንኳ ለእኔ ሳይደውል ያነብበዋል።